ሞርፊን የሚያንኳኳው ሁለተኛው በር

ሞርፊን ሕመም የሚያስታግሰው በነርቭ ሴሎች ላይ ያለውን «ሚው» የተባለ ተቀባይ (ሪሴፕተር) ይዞ ነው። እዚህ ድረስ ግልጽ ነው።

ግራ የሚያጋባው «ቲኤልአር 4» ነው። ይኼኛው ተቀባይ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ዘበኛ ነው። የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን የውጭ ሽፋን ለይቶ «ጠላት ገባ!» ይላል። ይህን ካሳዩት አንዱ ብሩስ ቦይትለር በ2011 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል።

ታዲያ በላብራቶሪ ጥናቶች ሞርፊን ይህንንም ዘበኛ ሲቀሰቅስ ታይቷል። ያኔ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ያሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎች (ማይክሮግሊያ) ብግነት የሚያስነሱ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። እነሱ ደግሞ የሕመም ነርቮችን ይቆሰቁሳሉ። በአንድ እጅ እሳት እያጠፉ በሌላው እንጨት መጨመር ነው። መድኃኒቱ ሲለመድ ለምን እንደሚደክም አንዱ ማብራሪያ ይኸው ነው፤ ሁሉም ተመራማሪ ግን አልተስማማበትም።

እኔን የሚገርመኝ ናሎክሶን ነው። እንደ ሞርፊን ያለ (ኦፒዮይድ) መድኃኒት ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው የሚያነቃው እሱ ነው። ሞለኪውሉ እንደ ጫማ ግራና ቀኝ የሆኑ ሁለት ቅርጾች አሉት። ግራው ሁለቱንም በር፣ «ሚው»ንም ቲኤልአር 4ንም፣ ይዘጋል። ቀኙ «ሚው» ላይ ልኩ አይደለም፤ ቲኤልአር 4ን ግን ይዘጋል። በአይጦች ላይ ሲሞከር ቀኙ የሞርፊንን ማስታገስ ጭራሽ አጠናከረው።