ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክን ፈትቶ ኮምፒውተር ውስጥ መግጠም በድሬዳዋ

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኬዙ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ዴስክቶፕ ወይም ላፕቶፕ ውስጥ ከሚገባው ዲስክ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በዲስኩና በኬብሉ መካከል የምትቀመጥ አንዲት ጠባብ ቦርድ ናት፤ ሥራዋ የዲስኩን የሳታ መስመር (ዲስክ ኮምፒውተር ውስጥ በቀጥታ የሚገናኝበትን) ወደ ዩኤስቢ መቀየር ነው። ኬዙን ከፍቶ፣ ቦርዷን ነቅሎ ዲስኩን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘት የድሬዳዋ ኮምፒውተርና ሞባይል ጠጋኞች በደንብ የሚያውቁት ሥራ ነው። እውቀቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስለሆነ እዚህ በአንድ ቦታ ተሰብስቧል።

ለምን ይፈታል

በሌላ አገር ኤክስተርናል የሚፈታው በዋናነት ለዋጋ ነው፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ዲስክ በኬዝ ሲሸጥ ከባዶው፣ ማለትም ያለ ኬዝ ከሚሸጠው፣ የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ድሬ ላይ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ፖርቱ የተሰበረ ዲስክ ነው። የዩኤስቢ 3.0 ጠፍጣፋው ማይክሮ ቢ ሶኬት ቦርዷ ላይ የተያዘው በጥቂት የስታኞ ነጥብ ብቻ ነው። ፊልምና ሙዚቃ የሚጭኑ ቤቶች ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲሰካና ሲነቀል ይላላል፤ ኬብሉ እንደተሰካ ዲስኩ ከጠረጴዛ ሲወድቅም ይገነጠላል። ዲስኩ ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ “ሞተ” ተብሎ የሚጣለው እንዲህ ያለው ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች የዓመት ሥራቸው በዚህ መንገድ ሲተርፍላቸው ይታያል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የላፕቶፕ ዲስክ በትልቅ ለመተካት ወይም ለሱቅ ካሜራ መቅጃ ዲስክ የሚፈልግ ደንበኛ ነው።

አመጣጡ

የመጀመሪያዎቹ የዩኤስቢ ኬዞች ውስጥ የነበረው አይዲኢ የሚባለው ዲስክ ነበር፤ የላፕቶፑ 44 እግር (ፒን) ነበረው። ሳታ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ቀስ በቀስ ሲተካው ከኬዝ የወጣ ዲስክ ያለ ምንም መለወጫ ዴስክቶፕም ላፕቶፕም ላይ መሰካት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በታይላንድ የደረሰው ጎርፍ የዌስተርን ዲጂታልን ጨምሮ በርካታ ፋብሪካዎችን አጥለቀለቀና የዲስክ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ናረ። የባዶ ዲስክ ዋጋ ከኤክስተርናሉ በላይ በወጣበት በዚያ ጊዜ ነው ኬዝ እየፈቱ መጠቀም በብዙ አገር የተስፋፋው። ዛሬ ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ስም የተለጠፈበት ኬዝ ቢገኝም ውስጡ ያለው ዲስክ ከሦስቱ የአንዱ ነው፣ አሮጌ ሳምሰንግ ወይም ሂታቺ ካልሆነ በቀር።

ወደ ድሬ ዕቃው የሚገባው በጅቡቲ መስመር ነው፤ ያገለገለውና አዲሱ ተደባልቆ ታይዋን በሚባለው የከተማው ገበያ ላይ ይገኛል። በ1895 ዓ.ም. ባቡር የገባባት፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኞች ሞተርና ፉርጎ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩባት ከተማ ለዚህ ዓይነት ሥራ ባለሙያ አላጣችም።

ውስጡ ምን አለ

ባለ 3.5 ኢንቹ ትልቁ ኤክስተርናል የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር አለው፤ ውስጡ ያለው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሳታ ነው። ችግር ያለው ኪስ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንቹ ላይ ነው። የሲጌት ኤክስፓንሽንና ባክአፕ ፕላስ በአብዛኛው ተነቃይ ቦርድና ተራ ሳታ ዲስክ አላቸው። የዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርትና ትንሹ ኤለመንትስ፣ እንዲሁም በርካታ የቶሺባ ካንቪዮ ሞዴሎች ግን ዩኤስቢ ፖርቱ በዲስኩ በራሱ ቦርድ ላይ የተበየደ ነው፤ ሳታ የሚባል ነገር ጨርሶ የላቸውም። ባለሙያው ኬዙን ገና ገለጥ ሲያደርግ “አቦ፣ ይሄ አይገባም” የሚለው ይህን አይቶ ነው።

እንዲህ ያለውን ዲስክ ላፕቶፕ ውስጥ ለመግጠም መታገል ትርፍ የለውም። የሳታ ቦርድ ፈልጎ መለወጥ ይቻላል፤ ግን ከተመሳሳይ ዲስክ መገኘት አለበት፣ የዲስኩን የራሱን ቅንብር የያዘችው ባለ 8 እግሯ የሮም ቺፕም ከአሮጌው ወደ አዲሱ መዛወር ይኖርባታል፤ ያ ፋይል ለማዳን እንጂ ለዕለት አገልግሎት የሚሠራ አይደለም። የተሰበረው ፖርቱ ከሆነ ባለ 10 እግሩን ማይክሮ ቢ ሶኬት ቀይሮ መበየድ ይሻላል። የሞባይል ቻርጅ ፖርት ለሚቀይር እጅ ይህ ከባድ አይደለም።

ሁለተኛው መለኪያ ውፍረት ነው። የላፕቶፕ ቦታ 7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሲጌት 1 እና 2 ቴራ ባይት ዲስኮች በአብዛኛው 7 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ 4 እና 5 ቴራ ባይቱ ግን 15 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለዴስክቶፕ እንጂ ለላፕቶፕ አይሆንም። ደንበኛው 4 ቴራ ይዞ “ላፕቶፔ ውስጥ ክተቱልኝ” ካለ ኬዙ ሳይነካ መመለስ አለበት።

ሦስተኛው፣ አዳዲሶቹ ትንንሽ ዲስኮች ዳታውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን ትራክ በሌላው ጠርዝ ላይ ደርበው የሚጽፉ ናቸው። ትልቅ ፋይል ለረጅም ጊዜ ሲገለበጥባቸው ፍጥነታቸው ወደ ጥቂት ሜጋ ባይት ይወርዳል። ፊልም ለማከማቸት ምንም አይሉም፤ ዊንዶውስ የሚጫንበት ዲስክ ለማድረግ ግን አይመረጡም። ለዊንዶውስ ትንሽ ኤስኤስዲ፣ ለማከማቻ ይህንን ማድረግ ነው የሚያዋጣው።

በኬዝ የሚሸጡት ዲስኮች ጥራታቸው ያነሰ ነው የሚል ወሬ አለ። አንዳንድ ትልልቅ የዌስተርን ዲጂታል ዲስኮች ነጭ ስቲከር ለብሰው ከመምጣታቸው በስተቀር ከባዶዎቹ ጋር አንድ ናቸው የሚሉም አሉ። ዋስትናው ግን አያከራክርም፤ ከተፈታ በኋላ አምራቹ ላይ መቁጠር አይቻልም።

ከመፍታት በፊት

ዲስኩ የሚነበብ ከሆነ ፋይሉ መጀመሪያ ወደ ሌላ ይገለበጣል። ይህ ለጥንቃቄ ብቻ የሚባል አይደለም፤ ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛ፣ ብዙ የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክና ማይ ፓስፖርት ሞዴሎች ላይ ቦርዷ ዳታውን ሁሉ ኤኢኤስ 256 በሚባል የምስጢር መቆለፊያ እየቆለፈች ነው የምትጽፈው፤ ባለቤቱ ፓስዎርድ አድርጎ ባያውቅም እንኳ። ዲስኩ ተነቅሎ (ማይ ፓስፖርት ከሆነ የሳታ ቦርድ ተለውጦለት) በሳታ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ያየዋል፣ መጠኑንም በትክክል ያሳያል፤ የሚያነበው ግን ትርጉም የለሽ ነገር ነው። ኤለመንትስ ላይ ይህ ብዙም አያጋጥምም።

ሁለተኛ፣ ከ2 ቴራ በላይ የሆኑ አንዳንድ ኤክስተርናሎች ለአሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ እንዲመቹ ቦርዷ ሴክተሩን (ዳታ የሚጻፍበትን ትንሹን ክፍል) 4096 ባይት አስመስላ ታቀርባለች። ዲስኩ በቀጥታ ሲሰካ 512 እያለ ስለሚናገር የፓርቲሽን ሠንጠረዡ (ዲስኩ እንዴት እንደተከፈለ የሚያሳየው) ቦታው ይዛነፋል፣ ዊንዶውስም ዲስኩ ባዶ ነው ብሎ “ኢኒሻላይዝ” ላድርገው (እንደ አዲስ ላዘጋጀው) ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፋይሉ ከተፈለገ መልሱ እምቢ ነው፤ ዲስኩን ወደ ቦርዷ መልሶ መገልበጥ ይቀድማል።

በዚሁ አጋጣሚ የዲስኩ ጤንነት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ይታያል። ቁጥር 5 (የተተኩ ሴክተሮች)፣ 197 (ውሳኔ የሚጠብቁ) እና 198 (ሊነበቡ ያልቻሉ) ዜሮ ካልሆኑ ዲስኩ ወደ ኮምፒውተር መግባት የለበትም። በጣም ቀላል የሆነ፣ ሲሰካ የማይንቀጠቀጥና ድምፅ የሌለው “16 ቴራ” ደግሞ ዲስክ ላይሆን ይችላል፤ ውስጣቸው ሜሞሪ ካርድ፣ አንዳንዴም ማክበጃ ብረት ብቻ ያለባቸው ኬዞች ይሸጣሉ። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ሙሉ መጠኑን ጽፎ መልሶ ሲያነብ ውሸቱ ይወጣል።

አፈታቱ

የሚያስፈልገው ቁጥር 0 እና ቁጥር 1 ኮከብ (ፊሊፕስ) ካቻቪቴ፣ የሞባይል ስክሪን የሚከፈትበት ፕላስቲክና ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ነው። ጫፉ ሰፊ የብረት ካቻቪቴ ኬዙን ይገጣጥበዋል፣ ሲያመልጥም ቦርዷን ይቆርጣል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መሬት ያለው ሶኬት ላይ የተሰካ የኮምፒውተር ቆርቆሮ መንካት ይገባል፤ ቦርዱን የሚጎዳው የሰውነት ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ።

የሲጌት ትንሹ ኬዝ ብሎን የለውም፤ ክዳኑ የተያዘው ዙሪያውን ባሉ የፕላስቲክ ጥርሶች ነው። ፕላስቲኩ ከፖርቱ አጠገብ ካለው ጥግ ገብቶ በጠርዙ ይሄዳል፤ ጥርሶቹ ጠቅ ጠቅ እያሉ ይለቃሉ። የዌስተርን ዲጂታል ትልቁ ኤለመንትስ ላይ ደግሞ ከላይና ከታች ባለው ስንጥቅ አራት ካርድ ይሰካል፤ እያንዳንዱ አንድ መንጠቆ ይጫናል፣ ከዚያ የውጭው ሽፋን ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይወጣል። አንዱ መንጠቆ ቢሰበር ለዲስኩ ምንም አይደለም።

ዲስኩ ሲወጣ አራት ትንንሽ ጎማዎች ከጎኑ ይነቀላሉ፣ ቦርዷን የያዘው ብሎን ይፈታል። ብዙ ዲስክ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ቦርዷ ወደ ላይ ተገንጥላ ትነሳለች፣ በሳታው ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ትሰበራለች፣ እግሮቹም ያለ መደገፊያ ይቀራሉ። መሳብ ያለባት ከዲስኩ ጋር ትይዩ፣ ቀጥ ብላ ነው። የሲጌት ዲስክ ሆድ ላይ የተለጠፈው ብርማ ፎይል ከተላጠ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ የተንጠለጠለ ጫፉ ቦርዱን ሾርት ያደርጋል።

የዲስኩ የራሱ ክዳን ላይ ያሉት ባለ ስድስት ጥርስ ብሎኖች አይነኩም። ከውስጥ ያለው ማንበቢያ ከሳህኑ በናኖ ሜትር ርቀት ነው የሚንሳፈፈው፤ የድሬ አቧራ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ክዳኑ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳም በስቲከር አትሸፈንም።

የ3.3 ቮልት ጣጣ

ትልቅ የዌስተርን ዲጂታል ዲስክ፣ በተለይ 8 ቴራና ከዚያ በላይ፣ በኬዙ ሲሠራ ቆይቶ ዴስክቶፕ ላይ ሲሰካ ጨርሶ ላይዞር ይችላል። ድምፅ የለም፣ ባዮስም (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዕቃዎቹን የሚለየው ፕሮግራም) አያየውም። ባለቤቱ ሲፈታ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም።

የሳታ ፓወር 15 እግር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ድሮ ለ3.3 ቮልት የተመደቡ ነበሩ። የሳታ ስሪት 3.3 ደንብ (ቁጥሩ የስሪቱ እንጂ የቮልት አይደለም) ሦስተኛውን እግር ዲስኩን ከርቀት ለማጥፋት አዋለው፦ በላዩ ቮልት እስካለ ድረስ ዲስኩ አይነሳም። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 3.3 ቮልቱን ሁልጊዜ ይልካል። የኬዙ ቦርድ 3.3 ስለማትልክ ነው ዲስኩ እዚያ የሚነሳው።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሞሌክስን (የድሮውን ባለ 4 እግር የፓወር ሶኬት) ወደ ሳታ የሚቀይር ኬብል ነው፤ ሞሌክስ 12 እና 5 ቮልት ብቻ ስላለው 3.3 አይደርስም። ሶኬቱ በአንድ ፕላስቲክ የተደፈነውን ዓይነት አለመግዛት ይመከራል፤ ውስጡ ሽቦዎቹ ተጠጋግተው የሚቃጠሉበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን ብርቱካናማ ሽቦ መቁረጥ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ያ ኬብል ምልክት ይደረግበት። ሦስተኛው በዲስኩ በራሱ ላይ፣ ከዳታው ሶኬት ቀጥሎ ያሉትን ሦስት የፓወር እግሮች በካፕቶን ቴፕ መሸፈን ነው። እግሮቹ በ1.27 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉና 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይበቃል። ካፕቶን ሞባይል ጠጋኞች ሆት ኤር ሲጠቀሙ ዙሪያውን የሚለጥፉት ቢጫው ቴፕ ነው፤ አንድ ቁራጭ ለመለመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በናስትሮ ለመተካት መሞከር አይጠቅምም። ይወፍራል፣ ሶኬቱ ሲገባ ይሸበሸባል፣ በሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ወደ አራተኛውና አምስተኛው እግር ይንሸራተታል።

ባለ 2.5 ኢንቹ ላይ ይህ በአብዛኛው አይታይም።

መግጠምና መፈተሽ

ባለ 2.5 ኢንቹ ኤም3 ብሎን ይወስዳል፣ ባለ 3.5 ኢንቹ ወፈር ያለውን የኮምፒውተር ብሎን። ረጅም ብሎን በኃይል ከገባ ውስጡን ይጎዳል። አንዳንድ ትልልቅ ዲስኮች የጎን መካከለኛ ቀዳዳ ስለሌላቸው አሮጌ ኬዝ ላይ በሁለት ብሎን ብቻ ይያዛሉ።

ከ2.2 ቴራ ባይት በላይ ያለው ዲስክ ጂፒቲ በሚባለው በአዲሱ የፓርቲሽን አሠራር ነው የሚከፈለው፤ በአሮጌው፣ በኤምቢአር፣ ከተከፈለ ትርፉ አይታይም። ከዚያ ዲስኩ ዳር እስከ ዳር ይነበባል፦ 1 ቴራ ትንሽ ዲስክ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ 4 ቴራ ትልቁ ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል፤ መብራት ከሄደ እንደገና ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ቁጥር 199 (የዳታ ማስተላለፍ ስህተት) እየጨመረ ከሄደ ጥፋቱ በአብዛኛው የሳታ ኬብሉ እንጂ የዲስኩ አይደለም።

ሙቀቱ

የአብዛኞቹ ዲስኮች የሥራ ጣሪያ 60 ዲግሪ ነው። በድሬ በሞቃት ወራት ክፍሉ ራሱ 35 ሲደርስ፣ አየር በማይገባበት ፕላስቲክ ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚጽፍ ዲስክ ወደዚያ ለመጠጋት ብዙ አይቀረውም። ዴስክቶፕ ውስጥ ከፊት ፋን ፊት ሲገጠም በግልጽ ይቀንሳል፤ ከ50 በታች ማቆየት ጥሩ ነው። ከፍታው አያሳስብም፦ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረርም ቢወጣ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ አምራቾቹ የሚፈቅዱት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው።

የተረፈው ኬዝና አዳፕተር

የቀረው ኬዝ ከላፕቶፕ ለወጣው አሮጌ ዲስክ ማረፊያ ይሆናል፣ ቦርዷ የማትቆልፍ ከሆነ። ከትልቁ የተረፈው 12 ቮልት አዳፕተር አምፔሩ እስከበቃ ድረስ ባለ 12 ቮልት ራውተር ያስነሳል። የተገላቢጦሹ ግን አደጋ አለው፦ 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር አንዳንዴ እዚሁ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ቦርዷም 12ቱን መስመር በቀጥታ ለዲስኩ ነው የምታሳልፈው። ያን ጊዜ በዲስኩ ቦርድ ላይ ያለችው የ12 ቮልት መከላከያ ዳዮድ ሾርት ሆና ዲስኩ መዞር ያቆማል። እድለኛ ከሆነ የተቃጠለችው እሷ ብቻ ናት፤ ስትነሳ ዲስኩ ይነሳል፣ ፋይሉ ወዲያው ይገለበጣል፣ ዲስኩ ግን ያለ መከላከያ ስለቀረ ለዘወትር አይውልም። የተነቀለችው ቦርድ በየትኛው ዲስክ ላይ እንደነበረች ተጽፎባት ትቀመጣለች፤ የተቆለፈ ፋይል በኋላ ከተገኘ የሚያነበው እሷ ወይም ተመሳሳይ ቺፕ ያላት ናት።