ፓርቲሽን ማዋሃድ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ሲ ድራይቭ ሞልቶ ቀይ ሆኗል፤ ዲ ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው። «ሁለቱን አንድ አድርግልኝ፤ ፋይሌ ግን እንዳይነካ» አለኝ።

ሲ እና ዲ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይመስላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲስኩ አንድ ነው። አንድ ግቢ ለሁለት ተከፍሎ ለየራሱ ካርታ ሲወጣለት ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ክፋይ ፓርቲሽን ይባላል። የልጁ ዲስክ 500 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ነው። ዊንዶውስ 465 ያህል ብቻ ያሳያል። ማንም አልሰረቀውም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ከዚህ ላይ 100ው ለሲ ደርሶታል፣ የቀረው ከሞላ ጎደል የዲ ነው።

ድንበሩ የሚመዘገበው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለች ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አሠራር ሰንጠረዧ 64 ባይት ብቻ ስለሆነች ከአራት ፓርቲሽን በላይ አትመዘግብም። አዲሱ ጂፒቲ በዊንዶውስ እስከ 128 ይይዛል።

ዲስኩን የሚከፍሉት ባለሙያዎች ክፋት አስበው አይደለም። ዊንዶውሱ ሲበላሽ ሲን ብቻ ፎርማት ያደርጋሉ፤ ዲ ላይ ያለው ፎቶ ይተርፋል። በነገራችን ላይ፣ ዲ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። ዲስኩ የሞተ ቀን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ማዋሃዱ። ዊንዶውስ ላይ «አዋህድ» የሚል ትእዛዝ ብትፈልጉ አታገኙም። ያለው አንዱን ማጥፋትና ሌላውን ማስፋት ነው። ስለዚህ «ዳታ ሳይጠፋ» የሚባለው ነገር የሚወሰነው አንድም ነገር ሳይነካ በፊት ነው። ዲ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገለበጣል። ከዚያ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ እዩ፤ ቪዲዮው ይጫወታል ወይ? ዲ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ወይም ጌም ካለ ኮፒ ማድረጉ አይበቃውም፤ ኋላ እንደገና መጫን አለበት።

የቀረው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስታርት ላይ ቀኙን ክሊክ አድርጋችሁ ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ዲ ላይ ዲሊት ቮሊዩም፤ ቦታው ጥቁር መስመር ይሆንና አንአሎኬትድ፣ ማለትም ለማንም ያልተሰጠ፣ ይባላል። ቀጥሎ ሲ ላይ ኤክስቴንድ ቮሊዩም። በኤምቢአር ዲስክ ቦታው ጥቁር ሳይሆን አረንጓዴ ከሆነባችሁ ዲ በኤክስቴንድድ ፓርቲሽን (ሌሎች ክፋዮችን በውስጡ በሚይዝ ክፋይ) ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ አረንጓዴውንም አንዴ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ኤክስቴንድ ቮሊዩም ደብዝዞ አልጫን ሲለው ነው። ሲ የሚሰፋው ባዶው ቦታ በቀኙ በኩል ተጣብቆ ካለ ብቻ ነው። ግቢን ማስፋት የሚቻለው ከአጥሩ ማዶ ያለው መሬት ባዶ ሲሆን ነው፤ ሦስተኛ ቤት አልፎ ያለ መሬት አይጠቅምም። መሃል ላይ የሚቀመጠው ሦስተኛ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ሪከቨሪ ፓርቲሽን፣ ማለትም ዊንዶውስ ሲበላሽ ለመጠገን የሚያገለግለው ክፋይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው ወደ ሌሎች ሶፍትዌሮች የሚሄደው። እነሱ መሃል ያለውን ፓርቲሽን ሊገፉት፣ የአንዱንም ፋይል ወደ ሌላው አዛውረው ድንበሩን ሊያፈርሱ ይችላሉ። ይሠራሉ። ግን ዳታው ከቦታ ቦታ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይ እኔ አልሞክረውም። በዚህ መንገድም ቢሆን ባክአፕ አይቀርም።

የአክስቴን ልጅ ኤክስተርናል አለህ ወይ አልኩት። የለውም። ዲ ላይ ደግሞ የእህቱ የሠርግ ቪዲዮ አለ። እሱን ይዤ ዲሊት ቮሊዩም አልጫንም አልኩ። ይልቅ ሲን የሞላው ምን እንደሆነ ስናይ ዳውንሎድስ ፎልደሩ ሆኖ ተገኘ። ፎልደሩ ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሎኬሽን፣ ከዚያ ሙቭ ብለን ወደ ዲ አዛወርነው። ቀዩ መስመር ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ማዋሃዱን ኤክስተርናል ሲገዛ እናያለን ተባብለን ቡናችንን ጠጣን።