ስደተኛ የዙፋን ይገባኛል ባይ ምንድን ነው?

ንጉሥ ሲሞት ከልጆቹ አንዱ ዙፋኑን ይይዛል፤ ሌላው ወይ ይገደላል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ አገር ጥሎ ይሸሻል። ሸሽቶም «ዘውዱ የእኔ ነው» ማለቱን ያልተወው ነው ስደተኛ የዙፋን ይገባኛል ባይ የሚባለው። በመካከለኛው ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስጠጋው መንግሥት አዝኖለት ብቻ አልነበረም። ልዑሉ በእጁ እስካለ ድረስ የወዲያኛውን ንጉሥ «እለቅብሃለሁ» እያለ ማስፈራራት ይችላል።

የኦቶማን ቱርኩ ልዑል የጀም ዕጣ ይህ ነበር። ቁስጥንጥንያን የያዘው አባቱ ዳግማዊ መሐመድ በ1481 እ.ኤ.አ. ሲሞት ወንድሙ ባያዚድ የአማስያ፣ ጀም ደግሞ የኮንያ ገዥ ነበሩ። ታላቁ ቪዚር (ዋናው ሚኒስትር) ለጀም በጥድፊያ መልእክተኛ ቢሰድም መልእክቱ መንገድ ላይ ተያዘ፤ ቪዚሩንም ጃኒሳሪ የሚባሉት የሱልጣኑ ወታደሮች ገደሉት። ባያዚድ ቀድሞ ዋና ከተማዋ ገባ። ጀም ቡርሳን ይዞ ሱልጣንነቱን አወጀ፣ በስሙ ገንዘብ አስመታ። «አገሩን እንካፈል፤ አውሮፓው ላንተ፣ አናቶሊያው ለእኔ» ብሎም ላከ። ባያዚድ አሻፈረኝ አለ። የጀም ሱልጣንነት 18 ቀን ቆየ።

ቡርሳ አጠገብ ባለችው የኒሸሂር ላይ ተሸንፎ ካይሮ ገባ። ግብፅን ይገዛ የነበረው የማምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ በክብር ተቀበለው፤ ከዚያም መካ ወርዶ ሐጅ አደረገ። በ1482 እንደገና ሞክሮ ሲከሽፍበት ሮድስ ደሴት ላይ ወደነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ የጦር መነኮሳት ተጠጋ። ያሰበው በእነሱ በኩል ወደ ባልካን ተሻግሮ ጦርነቱን ሊቀጥል ነበር። እነሱ ግን ከባያዚድ ጋር ተዋዋሉ፦ ጀምን አይለቁትም፣ ሱልጣኑም በየዓመቱ 40,000 ገደማ የወርቅ ዱካት ይከፍላል። እንግዳው ጥገት ሆነ ማለት ነው፤ ጥገትን ደግሞ ማንም አያርድም፣ አይለቅምም።

ፈረንሳይ ወስደው ከግንብ ግንብ ሲያዘዋውሩት ከረሙ። ቡርጋነፍ በምትባል ከተማ ለእሱ ተብሎ የተሠራው ክብ የድንጋይ ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ ፈረንሳዮቹ የጀምን ስም «ዚዚም» ስለሚሉት የዚዚም ግንብ ይባላል። ጀም በቱርክኛም በፋርስኛም የሚገጥም ባለቅኔ ነበር፤ ነፃነት እንጂ ክብር አላጣም።

በ1489 ለሮማው ጳጳስ ለኢኖሰንት 8ኛ ተላለፈ። የሃንጋሪ ንጉሥም፣ ቃይትባይም በየፊናቸው ሲመኙት የነበረ ሰው ነው። ባያዚድም መክፈሉን ቀጠለ፤ በ1492 ደግሞ የክርስቶስን ጎን ወጋ የሚባለውን የጦር ጫፍ ለጳጳሱ ላከ። የእስላም ሱልጣን ወንድሙ እንዳይፈታ ለጳጳስ የክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ሲሰጥ! እኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው።

በ1494 መጨረሻ ሮማ የገባው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 8ኛ በጥር 1495 ጀምን ይዞት ወጣ። በወሩ፣ የካቲት 25 ቀን፣ ጀም ኔፕልስ ውስጥ በ35 ዓመቱ ሞተ። ተመርዟል ተብሎ ብዙ ተወርቷል፤ የተረጋገጠ ነገር ግን የለም። አስከሬኑ ቡርሳ የተቀበረው በ1499 ነው።

ይገባኛል ባይነቱ ግን ለልጅም ይተርፋል። የጀምን አንዱን ልጅ ባያዚድ ገና በ1482 አስገድሎታል። ሌላው፣ ሙራድ፣ ሮድስ ላይ ኖሮ የባያዚድ የልጅ ልጅ ሱለይማን ደሴቲቱን በ1522 ሲይዝ ተገደለ፤ አባቱ ከሞተ 27 ዓመት አልፎት ነበር።