ኤች ብሪጅ ምንድን ነው? በኤሌክትሪክ ዊልቸር የሞተር ድራይቨር ውስጥ

ኤች ብሪጅ በአራት ማብሪያ ማጥፊያዎች አማካይነት አንድን የዲሲ (ከባትሪ በሚገኝ ቀጥተኛ ከረንት የሚሠራ) ሞተር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለማዞር የሚያስችል ሰርኪዩት ነው። ሞተሩ መሀል ላይ ሆኖ እያንዳንዱ ጫፉ በአንድ ማብሪያ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ በሌላው ከኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል፤ በሰያፍ ያሉት ሁለቱ ሲበሩ ሞተሩ በአንድ አቅጣጫ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሲበሩ ደግሞ በተቃራኒው ይዞራል። የኤሌክትሪክ ዊልቸር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው በሚሰጡት 24 ቮልት ይሠራል፤ የግራና የቀኝ ጎማው የየራሳቸው ሞተር ካላቸው፣ የሚታጠፈውም በሁለቱ የፍጥነት ልዩነት ስለሆነ፣ ሁለት ኤች ብሪጅ ያስፈልገዋል።

በማብሪያነት የሚያገለግሉት ሞስፌት የሚባሉት ትራንዚስተሮች ናቸው። በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ ያህል ሲበሩና ሲጠፉ፣ በርተው የሚቆዩበት ጊዜ ድርሻ ሞተሩ የሚያገኘውን አማካይ ቮልቴጅ ይወስናል፤ ድግግሞሹ ከዚህ በእጅጉ ካነሰ ሞተሩ ጆሮ የሚረብሽ ፉጨት ያሰማል። በአንድ ወገን ያሉት የላይኛውና የታችኛው ሞስፌት ለቅጽበት እንኳ አብረው ከበሩ ባትሪው ሾርት ስለሚያደርግ (ከረንቱ ሞተሩን ሳያልፍ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ በቀጥታ ስለሚፈስ)፣ አንዱ ከጠፋ በኋላ ሌላው እስኪበራ ድረስ አጭር ክፍተት ሊኖር ይገባል።

ዲዛይኑ በእርግጥ የሚፈተነው ግን ወንበሩ በፍጥነት ሲሄድ ሳይሆን ጎማው ጠርዝ ይዞት ሲቆም ነው። የማይዞር ሞተር ከረንቱን የሚገታበት የጥቅልሉ ሬዚስታንስ ብቻ ነው፤ ይህ 0.2 ኦም ቢሆን 24 ቮልት 120 አምፔር ያሳልፋል። ከረንቱ እየተለካ 50 አምፔር ላይ ቢገደብ እንኳ ሲበራ 4 ሚሊኦም ሬዚስታንስ ያለው አንድ ሞስፌት ያለማቋረጥ ሲበራ 10 ዋት ሙቀት ያመነጫል፤ ስለዚህ ሙቀት ማስወገጃው ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከረንት ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በዚህ መሀል ፊውዙ ከተቆረጠ ቮልቴጁ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ለ24 ቮልት ሥራ 60 ቮልት የሚችል ሞስፌት መምረጥ ብልህነት ነው።

ሞስፌት ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ፣ ማለትም እንደበራ፣ ይቀራል። በሰያፍ ያሉት ሁለቱ እንዲህ ከሆኑ ተቀማጩ ጆይስቲኩን ቢለቅም ሞተሩ መዞሩን አያቆምም። ስለዚህ ባትሪውን ከብሪጁ የሚቆርጥ ራሱን የቻለ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ፈጽሞ ሊቀር አይገባም፤ ፍሬኑም ኃይል ሲያገኝ የሚለቅ፣ ኃይል ሲቋረጥ በስፕሪንግ የሚይዝ ዓይነት መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ የፍሬኑ ሽቦ ራሱ ቢበጠስ እንኳ ወንበሩ ይቆማል።