ኒሺኪጎይ፦ የኒጋታ ተራሮች ባለቀለም ዓሣ

ኒሺኪጎይ፣ በአጭሩ ኮይ፣ በጃፓን ኒጋታ ግዛት ያማኮሺ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ለውበቱ ብቻ የሚረባ ካርፕ ነው፤ ከቆቃ ሐይቅ ከሚጠመደው ካርፕ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የአካባቢው የሩዝ ገበሬዎች በረዶ መንገድ ለሚዘጋበት ክረምት ስንቅ እንዲሆናቸው በመስኖ ኩሬዎች ካርፕ ያረቡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ቀይና ነጭ ጣል ያለባቸውን ከድስት አትርፈው ለዘር ማስቀረት ያዙ። በ1914 (እ.ኤ.አ.) በቶኪዮ ኤግዚቢሽን ላይ ከታዩ ወዲህ ዝናቸው ከተራራው ወረደ።

ዋጋውን የሚሠራው ምርጫው ነው። አንዲት እንስት በአንድ ጊዜ መቶ ሺዎች እንቁላል ትጥላለች፤ ለሽያጭ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። ሾዋ የተባለው ባለ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ዓይነት በተፈለፈለ በቀናት ውስጥ ይለያል፦ ጠቆር ያለው ይቀራል፣ የነጣው ይወገዳል። ነጭ መሬት ላይ ቀይ ያለበት ኮሃኩ ግን ቀዩ እስኪለይ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይጠበቃል፤ ከዚያም ምርጫው ደጋግሞ ይካሄዳል። የተረፉት በጋውን በጭቃ ኩሬ ያሳልፋሉ። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ባለቤቱ እንኳ ምን እንዳለው የሚያውቀው በጥቅምት፣ በረዶው ሳይጥል፣ መረብ ሲጎትት ነው።

ጀማሪ ገዢ ዓይኑ የሚያርፈው በቀለሙ አጣጣል ላይ ነው። የኮይ ውድድር ዳኛ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰውነት ቅርጽ፣ ቀጥሎም ለቆዳ ጥራት ነው፤ ነጩ ወተት መምሰል፣ የቀዩ ዳርም ጥርት ማለት አለበት። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በሂሮሺማ ጨረታ አንዲት ኮሃኩ በ203 ሚሊዮን የን ተሸጣለች።

ፏፏቴ ወጥቶ ዘንዶ ሆነ የሚባለው የቻይና አፈ ታሪክ ካርፕን የጽናት ምልክት አድርጎታል። ጃፓኖች ሜይ 5 (ሚያዝያ 27)፣ በልጆች ቀን፣ የካርፕ ቅርጽ ያለው ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ የሚሰቅሉት ለዚሁ ነው። በጥቅምት 2004 (እ.ኤ.አ.) ያማኮሺ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ነዋሪው በሄሊኮፕተር ወጣ፤ ኋላም ከተረፉት ዓሦች ከፊሉ በዚያው መንገድ ተጓዙ።

ለአያያዝ ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ኩሬ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ ካልተወገደ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። አዲስ ማጣሪያ አሞንያን (ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ) የሚበሉ ባክቴሪያዎች እስኪያፈራ ሳምንታት ይፈጃልና፣ በአንዴ ብዙ ዓሣ የጨመረ ሰው ብዙ ይቀብራል። ውኃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ መመገብ ይቁም፤ የበሉትን አያዋህዱም። አዲስ የተገዛ ዓሣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለብቻው፣ 23 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ ይቆይ፦ መድኃኒት የሌለው የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ይደበቃል።