«ያንቺስ ስንት መጣ?» ስለ ሆርሞን ምርመራ የሚነገሩ ስህተቶች

የላብራቶሪ ውጤት ስልክ ላይ ሲገባ ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቁጥሩ ነው። ኢስትራዲዮል (ዋናው የሴት ሆርሞን፣ የኢስትሮጅን ዓይነት) ስንት? ቴስቶስቴሮን (የወንድ ሆርሞን) ስንት? ከዚያ ለጓደኛ ይደወላል፣ «ያንቺስ ስንት መጣ?» ይባላል፣ የሷ በልጦ ከተገኘ ደግሞ እንቅልፍ የለም። የሴት ሆርሞን በሚወስዱ ትራንስጀንደር ሴቶች (ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ ሴቶች) ዘንድ በዚህ ቁጥር ዙሪያ ብዙ ስህተት ይነገራል። አንዳንዱ በከንቱ ያስጨንቃል፣ አንዳንዱ ግን ሰው ይጎዳል።

«ኢስትራዲዮል ከፍ ባለ ቁጥር ጡት ቶሎ ያድጋል»

ደጋግሜ የምሰማው ይሄንን ነው። እውነት አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ከአምስተርዳም፣ ከጌንትና ከፍሎረንስ ክሊኒኮች የወጣ ጥናት 229 ትራንስ ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። የጡታቸው እድገት በደማቸው ውስጥ ካለው የኢስትራዲዮል መጠን ጋር አልተያያዘም። የ2017ቱ የኢንዶክራይን ሶሳይቲ (የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር) መመሪያ የሚያስቀምጠው ግብ ኢስትራዲዮል ከ100 እስከ 200 ፒኮግራም በሚሊሊትር፣ ቴስቶስቴሮን ደግሞ ከ50 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ነው። ጡት ማደግ የሚጀምረው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ሲሆን ሙሉ ለመሆን 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል። መጠን መጨመር ይህን ጊዜ አያሳጥረውም።

«የሷ 400 ነው፣ የኔ 110 ብቻ»

አንዷ ስቶክሆልም፣ ሌላዋ ዋሽንግተን ከሆኑ ሁለቱም እኩል ናቸው! አሜሪካ በፒኮግራም ነው የሚለካው፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በፒኮሞል። አንድ ፒኮግራም በሚሊሊትር 3.67 ፒኮሞል በሊትር ስለሆነ 110 ሲባዛ 400 ገደማ ይመጣል። ከቁጥሩ ጎን ያለችውን መለኪያ ሳታዪ አታወዳድሪ።

«ደሙን መቼም ብሰጥ ያው ነው»

ያው አይደለም። መርፌ የምትወጊ ከሆነ ኢስትራዲዮል ከተወጋሽ በኋላ ባሉት ቀናት ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። መመሪያው በሁለት መርፌዎች መሃል ላይ መለካት ይላል፣ የሚቀጥለው መርፌ ሊወጋ ሲል መለካት የሚመርጡ ሐኪሞችም አሉ። ዋናው ነገር ሁልጊዜ ከመርፌው ተመሳሳይ ቀን ቆጥሮ መለካቱ ነው፣ አለበለዚያ ያለፈውን ውጤት ከአሁኑ ጋር ማስተያየት አይቻልም። ክኒኑን ከምላስሽ ሥር የምታሟሚው ከሆነ ደግሞ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በጣም ወጥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል፣ ስለዚህ ጠዋት የተወሰደ ደምና ከሰዓት የተወሰደ ደም የሁለት ሰው ይመስላሉ። ጄል የምትቀቢ ከሆነ ከተቀባው ክንድ ደም አታስወስጂ፣ ቆዳው ላይ የቀረው ቁጥሩን በውሸት ያንረዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ለጸጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡ ቫይታሚኖች ውስጥ ባዮቲን (ቫይታሚን ቢ7) አለ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 ባዮቲን የላብራቶሪ ውጤት እንደሚያዛባ አስጠንቅቋል። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ኢስትራዲዮልን ካለው በላይ ያሳያል። እንደምትወስጂ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ከምርመራው ስንት ቀን ቀደም ብለሽ ማቆም እንዳለብሽም ጠይቂ።

«የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንም ኢስትሮጅን ነው፣ ያው ነው»

እዚህ ላይ እህቴ፣ ቆም ብለሽ አንብቢ። ሐኪም ማግኘት ከባድ በሆነበት አገር ያለች ሴት እጇ የሚገባው ከፋርማሲ የሚሸጠው ይህ ክኒን ነው። እንደዚያ ያደረገችውን አልፈርድባትም፣ ግን ማወቅ ያለባት ነገር አለ። በአብዛኞቹ ክኒኖች ውስጥ ያለው ኢቲኒል ኢስትራዲዮል የሚባለው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ነው። የአምስተርዳም ሐኪሞች በትራንስ ሴቶች ላይ የደም መርጋት መብዛቱን ያዩት በዚሁ መድኃኒት ነበር፣ ዛሬ ለዚህ ሕክምና አይመከርም። የባሰው ደግሞ የኢስትራዲዮል ምርመራ ይህን መድኃኒት አይቆጥረውም። ደሟ በኢስትሮጅን ተሞልቶ ወረቀቱ «ዝቅተኛ» ይላታል። እሷም አልሠራም ብላ ሁለት፣ ሦስት ትጨምራለች። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ሳትውይ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ የምትወስጂውንም ሳትደብቂ ተናገሪ። ሲጋራ ደግሞ አደጋውን ያብሰዋል።

«ሆርሞኑ ልክ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም»

ቴስቶስቴሮንን ለመቀነስ የምትወስጂው ስፓይሮኖላክቶን ከሆነ ፖታሲየም (በደም ውስጥ ያለ ማዕድን) እና ኩላሊት መታየት አለባቸው። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ የልብ ምት ያውካል። ለጤና ተብሎ በጨው ምትክ የሚሸጠው ነገር ብዙውን ጊዜ ራሱ ፖታሲየም ነው፣ ስለዚህ ተጠንቀቂ። መድኃኒቱ ሽንት ያበዛል፣ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምሺ የምትውዪ ከሆነ ይህንንም ለሐኪምሽ ንገሪ። አውሮፓ ውስጥ በብዛት የሚታዘዘው ሳይፕሮቴሮን ደግሞ ፕሮላክቲን የሚባለውን የጡት ወተት ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፣ ጉበትም ያስመረምራል። በ2020 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ማኒንጂዮማ ከሚባለው የአንጎል ሽፋን እጢ ጋር ስለሚያያዝ አጠቃቀሙ እንዲገደብ መክሯል።

«ውጤቱ ላይ ቀይ ምልክት አለ፣ ታምሜያለሁ»

ምናልባት መዝገቡ ላይ «ወንድ» ተብለሽ ይሆናል። ያኔ ኢስትራዲዮልሽ ግቡ ላይ ደርሶም ማሽኑ «ከፍተኛ» ይልሻል። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ደግሞ በሕክምናው ወደ ሴቶች ልክ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። የትኛው ልክ እንደተያዘ ሐኪምሽን ጠይቂና አብራችሁ እዩት።

«ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ክትትል አበቃ»

የዘር ፍሬ ከወጣ ቴስቶስቴሮን የሚቀንሰው መድኃኒት ይቀራል። ኢስትሮጅኑ ግን መቀጠል አለበት፣ ያለ ሆርሞን አጥንት ይሳሳል። ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው እጢ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምናው አይወጣም። ዕድሜሽ ሲገፋ ለአዲስ ሐኪም ይህን አንቺው መንገር ሊኖርብሽ ይችላል፣ የፕሮስቴት የደም ምርመራ ቁጥርም በሆርሞኑ ምክንያት ዝቅ ብሎ እንደሚታይ አስታውሺው።