የከተማ የብሔር ስብጥር ምንድን ነው? የአዳማን ቁጥሮች በትክክል ማንበብ

ስለ አዳማ ነዋሪዎች ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ መቶኛ ይጠቅሳል፣ ሌላው "ገበያ ውስጥ የምሰማው ቋንቋ ይህን አይልም" ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

የአንድ ከተማ የብሔር ስብጥር ማለት በታወቀ ወሰን ውስጥ በአንድ የቆጠራ ወቅት የተመዘገቡ ነዋሪዎች ስለ ብሔራቸው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በመቶኛ ተሰልቶ ሲቀመጥ ነው። ወሰኑ፣ ጊዜው፣ ጥያቄውና መላሹ አራቱም የትርጉሙ አካል ናቸው። አንዳቸው ሲለወጡ ማንም ቤቱን ሳይለቅ መቶኛው ይለወጣል።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዳማ 220,212 ነዋሪዎች ነበሯት፤ 108,872 ወንዶችና 111,340 ሴቶች። በብሔር ኦሮሞ 39.02 በመቶ፣ አማራ 34.53 በመቶ፣ ጉራጌ 11.98 በመቶ፣ ስልጤ 5.02 በመቶ ሲሆኑ የቀሩት ብሔረሰቦች በሙሉ ተደምረው 9.45 በመቶ ይሆናሉ። ወደ ሰው ቁጥር ሲመለስ በግምት 86 ሺህ ኦሮሞ፣ 76 ሺህ አማራ፣ 26 ሺህ ጉራጌ፣ 11 ሺህ ስልጤ፣ 21 ሺህ ደግሞ ሌሎች ማለት ነው። ከግማሽ በላይ የሆነ አንድም ወገን የለም።

ያው ቆጠራ የአፍ መፍቻ ቋንቋንም ለብቻው ጠይቋል፤ ነገሩ የሚጠልቀውም እዚህ ላይ ነው። አማርኛ 59.25 በመቶ፣ አፋን ኦሮሞ 26.25 በመቶ፣ ጉራጊኛ 6.28 በመቶ፣ ሌሎች ቋንቋዎች 8.22 በመቶ። ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አማርኛ አፍ መፍቻቸው የሆነው 130 ሺህ ገደማ ናቸው፣ አማራ ነን ያሉት ግን 76 ሺህ። አማሮቹ በሙሉ አፋቸውን በአማርኛ ፈትተዋል ብንል እንኳ ቢያንስ 54 ሺህ የሚሆኑ አማራ ያልሆኑ የአዳማ ሰዎች የመጀመሪያ ቋንቋቸው አማርኛ ነበር። ከከተማው ነዋሪ ሩብ ያህሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል ኦሮሞ ነን ያሉት ቁጥር አፋን ኦሮሞ አፍ መፍቻቸው ከሆነው በ12.77 ነጥብ ይበልጣል፤ ይህም ቢያንስ 28 ሺህ ሰው ነው። የጉራጌም ድርሻ ከጉራጊኛ ተናጋሪው ድርሻ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እንግዲህ መንገድ ላይ በሚሰማ ቋንቋ የከተማዋን ብሔር መገመት አማራውን አብዝቶ ኦሮሞውን፣ ጉራጌውንና ስልጤውን ማሳነስ ነው። በብሔር መቶኛ ብቻ ተነስቶ የመማሪያ ወይም የአገልግሎት ቋንቋ መመደብም በተቃራኒው አቅጣጫ ያስታል። አንድ ሰው ኦሮሞ ሆኖ በአማርኛ አፉን ሊፈታ ይችላል፤ ማንነቱም ቋንቋውም እውነት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ይህን መካድ በአዳማ የብዙ ሺህ ቤተሰቦችን ሕይወት መካድ ነው ብለን እናምናለን።

ስብጥሩ ከየት መጣ ቢባል አዳማ የተቀመጠችበትን ቦታ ማየት ይበቃል። ዙሪያዋ የኦሮሞ አገር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ መስመሩ በዚህ ያልፍ ነበር። የመኪናው መንገድም እዚሁ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዋሽ፣ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው ወደ አሰላና ባሌ። እህል፣ ጨርቅና ሸቀጥ የሚጫንበትና የሚራገፍበት ቦታ ነጋዴ ይስባል፤ ለጉራጌና ለስልጤ ድርሻ ትልቁ ማብራሪያ ይህ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ደግሞ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ብዙ ሠራተኛ ወደ አካባቢው አምጥቷል። ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች አንድ ግቢ ተከራይተው ልጅ ሲያሳድጉ ልጆቹ የሚግባቡበት ቋንቋ አፍ መፍቻቸው እየሆነ ይሄዳል። የሁለቱ ሰንጠረዦች ልዩነት በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው።

መላሹን በተመለከተ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የሚባለው በባህልና በልማድ፣ በሚግባቡበት ቋንቋ፣ በሕልውና ዝምድና፣ በሥነ ልቦናና በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር የሚኖር ማኅበረሰብ መሆኑን ይናገራል። ይህ የማኅበረሰብ ትርጉም ነው፤ ፋጡማ ወይም ጫልቱ የትኛው ውስጥ እንደምትቆጠር አይወስንም። ቆጣሪው ማስረጃ አይጠይቅም፣ የተነገረውን ይጽፋል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ለመላው ቤተሰብ የሚመልሰው የቤቱ ኃላፊ ወይም ቤት የተገኘ አዋቂ ነው። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ጉራጌ የሆነ ልጅ በአባቱ ብሔር ቢመዘገብ፣ ያ መልስ የልጁ ሳይሆን የአባትየው ነው። መቶኛዎቹ ተደምረው 100 የሚሞሉትም እያንዳንዱ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ስለሚቆጠር ነው። በአሜሪካ ቆጠራ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዘር መምረጥ ይችላል፤ እዚያ ያለ ዘመድ የ2020ን ቅጽ ሲሞላ "ጥቁር" የሚለውን መርጦ ከሥሩ "ኢትዮጵያዊ" ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። የእኛ ቆጠራ ዘር በዚያ መልኩ አይጠይቅም፤ ስለዚህ የሁለቱን አገር መቶኛዎች ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ጥያቄውና የምድብ ዝርዝሩ ሲለወጡ ምን እንደሚፈጠር የስልጤ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ስልጤዎች በጉራጌ ሥር ተቆጥረዋል፤ ጉራጌም ከአገሪቱ ሕዝብ 4.3 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። በ1993 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ራሱን የቻለ ብሔረሰብ መሆኑ ተረጋገጠ። በ1999 ጉራጌ 2.5 በመቶ፣ ስልጤ 1.3 በመቶ ሆኑ። ይህን ሳያውቅ ሁለቱን ቆጠራዎች የሚያነጻጽር ሰው "ጉራጌ ምን ሆኖ ቀነሰ?" ማለቱ አይቀርም። የአዳማን የጉራጌ ድርሻ ከቀድሞው ጋር ለማነጻጸር የፈለገም መጀመሪያ 11.98ን ከ5.02 ጋር መደመር አለበት።

ወሰንን ለማየት ሐዋሳን እንውሰድ። በ1999 የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር 258,808 ሰው ነበረው፤ ከተሜው ግን ከዚህ 61 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆን ቀሪው በዙሪያው የገጠር ቀበሌዎች ይኖር ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ በአብዛኛው ሲዳማ ስለሆነ "የሐዋሳ ስብጥር" የሚለው ቁጥር የከተማ አስተዳደሩን ሙሉ ወሰን ሲይዝና የከተማውን ክፍል ብቻ ሲይዝ በጣም ይለያያል። አዳማ በዚያ ቆጠራ 29.86 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ያለች፣ ነዋሪዋ በሙሉ ከተሜ ሆኖ የተቆጠረባት ናት። የገጠር ቀበሌ የተጨመረበት የአዳማ ቁጥር ሲያጋጥም ከ1999ኙ ጋር ማጋጨት አይገባም።

ሌላው ጉዳይ ዕድሜ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ አራተኛው ግን በተደጋጋሚ ተራዝሞ ሳይካሄድ ቆይቷል። በየዓመቱ የሚወጡት የሕዝብ ብዛት ትንበያዎች የብሔር ድርሻ አያወጡም። ከ1999 ወዲህ ዩኒቨርሲቲው አድጓል፣ የፍጥነት መንገዱ ተከፍቷል፣ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ከሶማሌ ክልል ከተፈናቀሉት ኦሮሞዎች የተወሰኑት አዳማ ሰፍረዋል፣ በአፋን ኦሮሞ የተማረ ትውልድም ልጅ ወልዷል። የዛሬውን አዳማ በ39.02 እና በ34.53 መግለጽ ስለዚህ ስህተት ነው። "በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ" የሚለው ሐረግ ከቁጥሩ መለየት የለበትም። በፋይዳ መታወቂያ ምዝገባም ክፍተቱ አይሞላም፤ ብሔር አይጠይቅምና።

ስብጥርን በአንድ ቁጥር ማነጻጸር ለሚፈልግ ቀላል ስሌት አለ። የእያንዳንዱን ብሔር ድርሻ በአስርዮሽ ጽፎ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቶቹን መደመር፣ ድምሩን ከ1 መቀነስ። ለአዳማ፦ 0.3902 በራሱ ሲባዛ 0.152፣ 0.3453 ደግሞ 0.119፣ 0.1198 ደግሞ 0.014፣ 0.0502 ደግሞ 0.003 ይሰጣል፤ ድምሩ 0.288 ነው። ከ1 ሲቀነስ 0.71 ይቀራል። በዘፈቀደ ከተመረጡ አሥር ጥንድ ነዋሪዎች በሰባቱ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ብሔራቸው የተለያየ ነው ማለት ነው። ያንኑ ስሌት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ብናደርገው 0.58 ገደማ ይወጣል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት "ሌሎች" የሚለውን 9.45 በመቶ እንደ አንድ ብሔር ቆጥሮ ማባዛት ነው። ያ ውጤቱን ወደ 0.70 ያወርደዋል፤ ልዩነቱ በአዳማ ትንሽ ቢሆንም "ሌሎች" 30 በመቶ በሆነበት ከተማ ግን ስሌቱን ያበላሸዋል። እንዲህ ሲሆን ሙሉውን ሰንጠረዥ አግኝቶ ከ"ሌሎች" ሥር ያሉትን ብሔረሰቦች አንድ በአንድ ማስላት ያስፈልጋል።

ለሥራ የምትጠቀሙበት ከሆነ ጥያቄያችሁ የትኛውን ሰንጠረዥ እንደሚፈልግ አስቀድሙ። ጤና ጣቢያ ለአስተርጓሚነት ሠራተኛ ሲመድብ፣ ፍርድ ቤት የተከሳሽን ቋንቋ ሲያስብ፣ ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል መምህር ሲቀጥር የሚያስፈልገው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ እሱም ቢሆን በዕድሜ ተከፍሎ። የብሔር ሰንጠረዡ የሚያስፈልገው ለውክልና፣ ለባህልና ለታሪክ ጥናት ነው።